ሦስተኛው ግልባጭ

ባለቤቴ ተሾመ የሱቄን ታፔላ አውርዶ የዶሮ ቤት በር አደረገው። ጠዋት ዶሮዎቹን ለመልቀቅ ስወጣ «በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ እንጽፋለን» የሚለውን የራሴን ማስታወቂያ እያነበብኩ ነው የምከፍተው። የመጀመሪያ ቀን ተቆጥቼ ነበር። ተሾመ ግን ቆርቆሮው ጥሩ ነው፣ ዝናብ አያስገባም አለ፤ እውነቱን ነው፣ አያስገባም። አሁን ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ዶሮዎቼ አራት ቋንቋ ያውቃሉ እያልኩ ጎረቤት አስቃለሁ።

ሱቁን የዘጋሁት ስድሳ ዓመት ስለሞላኝና ጣቶቼም ስለደከሙ ነው። ደግሞስ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው የት አለ? የከተማችን የሮቤ ልጆች ባጃጅ ቆመው እየጠበቁ በስልካቸው በሦስት ቋንቋ ይጻጻፋሉ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ አማርኛውም፣ አፋን ኦሮሞውም፣ «ኢንሻአላህ»ውም በዓረብኛ ፊደል አለ። ቅር አይለኝም። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስታገልበት የኖርኩትን ነገር በአውራ ጣት ሲጨርሱት ማየት ደስ ይላል። ብቻ አንዳንዴ አንዱን አስቁሜ፣ ይሄ ነገር እንዴት እዚህ እንደደረሰ ታውቃለህ ወይ ማለት ያምረኛል።

ሥራ የጀመርኩት ጎባ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከሸዋ መጥቶ ጎባ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጣት አይታዘዝም፤ የሻይ ብርጭቆ አቅፈን ጣታችንን ሳናሞቅ ቁልፍ አንነካም ነበር። የአማርኛ ታይፕ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ብዙው ፊደል በአንድ ምት አያልቅም፤ መጀመሪያ አካሉን ትመቺያለሽ፣ ቀጥሎ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትጨምሪለታለሽ። ለደብዳቤ ዋናውንና ሦስት ግልባጭ ለማውጣት አራት ወረቀት በካርቦን እያፈራረቅን ስለምናስገባ፣ ምቱ ደከም ካለ ሦስተኛው ግልባጭ ላይ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ኃይለኛ መቺ ነበርኩ። ደመወዙ ለሻሽና ለጫማ ይበቃ ነበር፣ እኔም ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ኦሮሚያ ክልል ሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራም በአፋን ኦሮሞ ይሁን ተባለ፤ የሚጻፈውም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። እኔ አፋን ኦሮሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር የተጣላሁትም የታረቅኩትም በዚያው ነው። ተጽፎ ግን አይቼው አላውቅም። ጣቶቼም የሚያውቁት አንድ ማሽን ብቻ ነበር። ከኛ ክፍል ሁለቱ ታይፒስቶች ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። አዲሱ ኃላፊ፣ ትሁት ወጣት ነበር፣ ጠርቶ ሦስት ወር ሰጠኝ። በሦስት ወር ካልቻልኩ ለቦታው ሌላ ሰው ይቀጠራል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አሁን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ያተረፉኝ ኦቦ ሁሴን ናቸው። በመንግሥት እርሻ የእንግሊዝኛ ታይፒስት ሆነው ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ሽበታቸው የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የእንግሊዝኛውን ታይፕ ይዘው ወደኛ ክፍል ሲመደቡ ሰው ሁሉ ተፎካካሪ መጣባት ብሎ አዘነልኝ። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ወንበራቸውን ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። የቁልፎቹን ሰሌዳ በአንገት ልብሳቸው ሸፈኑና ጣቴን ከሥር አስገብቼ እንድመታ አዘዙኝ። በየቀኑ ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት። ስሳሳት አይናገሩም፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በሁለተኛው ወር ጉሮሮ መጠረጉ ቀነሰ፣ በሦስተኛው ኃላፊው ራሱ ቆሞ አየኝና ፈገግ ብሎ ሄደ።

የኦቦ ሁሴን ሥራ ሥርዓት ነበረው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ለጁምዓ ሲዘጋጁ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ለኔም ምላጭ አቀብለው እጄን ያያሉ። ሳይታጠቡ ማሽን አይነኩም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ደብዳቤው ሲያልቅ ከወንበራቸው ይነሱና ባለጉዳዩን እዚያው ላይ ያስቀምጡታል። የሚሰጡት ዋናውን አይደለም፤ የመጨረሻውን፣ የደከመውን፣ ሦስተኛውን ግልባጭ ነው። አንብብ ይሉታል። ማንበብ የማይችል ከሆነ እሳቸው ከዚያው ግልባጭ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል፣ ፊቱንም ያያሉ። ከዚያ በፊት ማኅተም አይመታም። አንድ ቀን ዋናው ወረቀት እያለ ስለ ምን በደካማው እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዋናው እኛ ዓይን ፊት ሁልጊዜ ያምራል። እዚያ ማዶ ያለው ሰው እጅ የሚገባው ግን የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ደካማው ከተነበበ ሁሉም ይነበባል።»

እኔም ልማዱን ወሰድኩ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሮቤ ሲዛወር፣ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ያ ኮምፒውተር ብዙ ሳምንት በጨርቅ ተሸፍኖ ማንም እንዳይነካው ሲደረግ፣ ከዚያም ለኔ ሲሰጠኝ፣ ባለጉዳይ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ከሮቤ ገበያ አጠገብ ሱቅ ስከፍትም እንዲሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሁለት ወንበር። ኦቦ ሁሴን ጡረታ ወጥተው ስለነበር ከሰዓት በኋላ እየመጡ ሻይ ይጠጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ዓረብኛውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ሳዑዲ የሚላክ ወረቀት የሚያስጽፍ ሰው እየበዛ ሄዶ ነበር። እሳቸው የቁርአን ቤት ፊደላቸውን በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ እፈልጋለሁ። ቁልፎቹ ላይ ትንንሽ ወረቀት ለጠፍኩ፤ አማርኛው በቀይ፣ ዓረብኛው በአረንጓዴ፣ ላቲኑ እንደ ተወለደ። መጀመሪያ ጊዜ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ሲጀምር ኦቦ ሁሴን ሳቃቸው መጣ፤ ማሽኑ በስተርጅና ቁርአን ቤት ገባ አሉ። ያስቸገረኝ ፊደሉ አይደለም፣ ቁጥሩ ነው። ዓረብኛው መሀል ስልክ ቁጥር ስጽፍ ዘሎ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ብዙ ቀን ከተጣላሁት በኋላ ቁጥሩን ብቻውን በራሱ መስመር ማስቀመጥ ለመድኩ።

ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ኢንተርኔት አስገባሁ። በስልክ መስመር ነበር፤ ጮሆ ጮሆ ይገባል፣ ደመና ሲሆን ይጠፋል። ሰዉ ግን ጉድ ብሎ መጣ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የአማርኛ ጋዜጦችን በብራውዘር፣ የኢንተርኔት ገጽ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ማንበብ ፈልጌ ሞከርኩ፣ የሚታየው የእንግሊዝኛ ምልክት ዝብርቅርቅ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍ የራሱን ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ ይፈልግ ነበርና፣ ፎንቱን በዋናው ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ ብራውዘሩ ሁሉን ነገር በዚያ ፎንት እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ጋዜጣው ፍንትው ብሎ ተነበበ። ማንም ሳያሳየኝ ራሴ ያገኘሁት ዘዴ ስለሆነ ለሳምንት ያህል ስለሱ አወራሁ። ጥጉ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ኮምፒውተር አልነካሁትም፤ እሱ ለተራ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት።

ዛህራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አንገቱ ከምትባል ከተማ፣ ከሐረና ጫካ በኩል፤ አባቷ ኦቦ ከድር ቡና የሚለቅሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የጤና ላቦራቶሪ ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ከየአካባቢው አንዲት ልጅ ይወስዳል፣ ማመልከቻ የሚቀበለው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ቅጹ ላይ ልጅቷ ስለ ራሷና ለምን መማር እንደምትፈልግ በአማርኛ አንድ ገጽ መጻፍ አለባት። ዛህራ በደብተር ወረቀት ጽፋ አምጥታ ነበር። እናቷ በወሊድ የሞተችው ደሟን የሚመረምር ሰው በአቅራቢያ ስላልነበረ መሆኑን፣ በምንም መልክ ሳታሳምር፣ እንዲሁ ጽፋዋለች። ስገለብጠው አንድም ቃል አልለወጥኩበትም።

ጽሑፉን እንደ ልማዴ በዚያው በአማርኛ ፎንቴ ጽፌ ብራውዘሩ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። አምሮ ተቀመጠ። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ሞላሁ፤ ለመልስ የሱቄን ስልክ ሰጠን፣ ኢሜይልም ከፈትኩላት። ውጪ አምስት ሰው ተሰልፏል። ላኩት። ገጹ አመሰግናለሁ አለ፣ ግልባጩም ወደ ኢሜይልሽ ተልኳል የሚል መስመር መጣ። ዛህራ ቦርሳዋን ይዛ ቆመች።

«ግልባጩስ፣ አዴ ዘነቡ? አባቴ ያለ ግልባጭ እንዳትመጪ ብሎኛል። በዚያኛው ኮምፒውተር ልየው?»

«የኔ ልጅ» አልኳት፣ አዴ እናት ማለት ነውና፣ «ኢንተርኔት ግልባጭ አያስፈልገውም። ስንት ዓመት የጻፍኩ ሰው ነኝ።»

ይህን ስል እየሳቅኩ ነበር። እሷም አክብራኝ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ከማሠልጠኛው የደወለች ሴት ነበረች፣ ድምጿ ትሁት ነው። ዛህራ ከድር የምትባል አመልካች ትፈልግ ነበር። ምርጫው ትናንት አልቋል፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ የደወለችው ነገሩ ግራ ስለገባት ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ ጻፊ በተባለችበት ቦታ የላከችው ምልክትና ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፣ ከስሟ በቀር የሚነበበው ይህ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው አለችኝ። አንድ ቀን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። የሷ ሥልጣን እንዳልሆነ ነገረችኝ፣ ቀጥላም ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ መሆኗ ነው የገደለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጥጉ ኮምፒውተር ሄድኩ። የዛህራን ኢሜይል ከፈትኩ። ግልባጩ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ነበር። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ያኔ ገባኝ፤ ያ ፎንት ፊደል አልነበረም፣ ልብስ ነበር። ኮምፒውተሩ ሆዱ ውስጥ የያዘው የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፣ ልብሱ ያለው ግን የኔ ማሽን ላይ ብቻ ነው። እኔ ፊት አማረ፤ ማዶ ሲደርስ ራቁቱን ሆነ። ከወንበሬ እስከዚያ ጥግ አራት እርምጃ አይሞላም።

ከሰዓት ኦቦ ሁሴን ሲመጡ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውንም አልጠረጉም።

«ሦስተኛውን ግልባጭ አይተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም። እሷ ልየው ብላኝ ነበር።»

«እንግዲያው ስልክ አትደውዪ። ሂጂና ቁጭ ብለሽ ንገሪያት።»

በማግስቱ በጎባ በኩል ወጣሁ። ሳነቴ አምባ ላይ ጉም ነበር፣ መኪናው መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ አለፈ፤ ወደ ሐረና ስንወርድ ሙቀቱና የእርጥብ ቅጠል ሽታው ተቀበለን። ዓመት ሙሉ ሄጄ ባየሁት የምለው አገር ነው፣ ያን ቀን ግን ምንም አላየሁም። ዛህራን ደጃቸው ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆማ እንጭጩን ስትለቅም አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ የምሥራች ይዤ የመጣሁ መስሏታል። እሱን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቷ ባሉበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፎንቱ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጥጉ ኮምፒውተር፣ ያልኩትንም ቃል እንዳለ። ስለ ኦቦ ሁሴን ልማድም ነገርኳቸው፤ ሰዉን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ደካማውን ግልባጭ የሚያስነብቡ ሰው እንዳስተማሩኝና እኔ በኩራት እንደተውኩት። ኦቦ ከድር መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ማር በሳህን አመጡና «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ነዪ ተቀመጪ። በዚያ ሁሉ መንገድ ጥፋቷን ይዛ የመጣችን ሰው ሳትቀመጥ አንሰድም አሉ። ማሩን ቀመስኩት።

ዛህራ ያለችው አንድ ነገር ነው።

«እኔ ጠይቄዎት ነበር።»

ከኔ ጋር ሮቤ መጥታ በነጻ ኮምፒውተር እንዳስተምራት፣ እቤቴ እንድትቀመጥ ለመንኩ። አመስግና እምቢ አለች፤ ሱቄ መግባት እንደማትፈልግ ዓይኔን እያየች ነገረችኝ። መብቷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጥጉን ኮምፒውተር አምጥቼ ከዋናው ጎን አስቀመጥኩት። ፎንት አልጫንኩበትም፣ ምንም አላስጌጥኩትም። ማንኛውም ሰው የሚልከው ነገር መጀመሪያ ወደዚያ ይላካል፤ ባለጉዳዩ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ከዚያ ላይ ያነባል፣ ከዚያ ነው ወደ ሩቅ የሚሄደው። ሰልፍ ቢኖርም ባይኖርም። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ፣ አብዛኛው ግን ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ዩኒኮድ የሚሉት መጣ፤ እያንዳንዱ የኛ ፊደል የራሱ መለያ ተሰጠውና የትም አገር የትኛውም ብራውዘር ላይ ያው ራሱ ሆኖ መታየት ጀመረ። በድምፁ ትጽፊዋለሽ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ስትነኪ ወደ ቁቤ ይዞራል፣ ደግመሽ ስትነኪ ወደ ዓረብኛ። የመጀመሪያ ቀን ኦቦ ሁሴንን አስቀምጬ ስማቸውን በሦስቱም ፊደል ከላይና ከታች ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ማሻአላህ፣ ሁሉም እኔ ነኝ» አሉ። በሦስተኛው ዓመት አረፉ፣ አላህ ይማራቸው። ጥፍሬን እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ነው የምቆርጠው።

የቀሩት ዓመታት ደግ ነበሩ። የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት የመጣ እንግዳ መንገድ የሚጠይቅበትን ወረቀት በሦስት ቋንቋ ጽፌያለሁ፤ ከብድሬ ከተማ የመጡ የከብት ነጋዴዎች ሲከራከሩ እኔ ስምምነታቸውን ስጽፍ አርፍጃለሁ፤ ፌስቡክ ላይ ስንት የሠርግ ምርቃት፣ ስንት የሐዘን ቃል በሰው ስም አስቀምጫለሁ። በደስታ ነው የሠራሁት። ዛህራን ግን በየመንገዱ እፈልጋት ነበር፤ ባየኋትም ጊዜ ምን እንደምላት አላውቅም። ዶሎ መና ከተማ ኮምፒውተር ተማረች ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ኮሌጅ ገባች ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ወሬዋ ጠፋ።

ባለፈው ወር የጡረታ ጉዳዬን ለመጨረስ ሮቤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የድሮ አገልግሎቴ ወረቀት በሙሉ በካርቦን ግልባጭ ነበርና ታቅፌው ገባሁ። ወረፋዬ ደርሶ ቀና ስል ከኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠችው ዛህራ ናት። ሻሿን አስተካክላ አየችኝ። ልመለስ ብዬ አሰብኩ፣ ወረቀቴን ግን ዘረጋሁላት። እሷ ወረቀቴን ተቀበለች፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቀች፣ አባቷ ደኅና መሆናቸውን ነገረችኝና መጻፍ ጀመረች። ብራውዘሩ ላይ ያለው ቅጽ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ነው። ሰሌዳውን አታይም። ጣቶቿን አየኋቸው፣ ጥፍሯ አጭር ነው።

ጽፋ ስትጨርስ መላኪያውን ትጫናለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ተነሣች። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ክንዴን ይዛ ወደ ወንበሯ ወሰደችኝ።

«ይቀመጡ፣ አዴ ዘነቡ።»

ተቀመጥኩ። ኋላዬ ወረፋ ነበር፣ አንድ ሰውዬ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ዛህራ ዞር ብላም አላየችው። ከኪሷ አሮጌ ስልኳን አወጣች፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ቅጹን ወደዚያ ልካው ነበር። እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ከዚህ ላይ ያንብቡልኝ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።»

አነበብኩ። ስሜን በሁለቱም ፊደል፣ የአባቴን ስም፣ ጎባን፣ የተቀጠርኩበትን ዓመት፣ ታይፒስት የሚለውን። ዛህራ ጎኔ ቆማ ፊቴን ታይ ነበር፣ ልክ ኦቦ ሁሴን የባለጉዳይ ፊት እንደሚያዩት። እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

«ይነበባል?» አለችኝ።

«ይነበባል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይላኩት።»

ላኩት። ላመሰግናት አፌን ስከፍት ማተሚያው ጀመረ፤ ወረቀቱን አንሥታ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«ያለ ግልባጭ አይሂዱ» አለች፣ ፈገግም አለች።

ባጃጅ አልያዝኩም። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።